የቅሬታ ሳጥኑ ቁልፍ ማን ጋር ነው?

ጅማ ውስጥ ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ የሚሰጥ ግቢ የገባ ሰው አገልግሎቱ ምን ያህል እንደሚታመን ማወቅ ከፈለገ፣ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ራእይና ተልእኮ በፊት የቅሬታ ሳጥኑን ይፈልግ። ብዙ ቦታ አለ። ከኮምፔንሳቶ የተሠራ፣ ላዩ ላይ በአማርኛ «አስተያየት መስጫ» የተባለበት፣ በጓጉንቸር የተቆለፈ ሳጥን። የሚሰቀለው ከኃላፊው ቢሮ በር ጎን፣ የቆመ ሰው ፊት ትይዩ ነው። ወደ ቢሮው ሦስት ደረጃ ይወጣል። ወረቀትና እስክሪብቶ ከጸሐፊዋ ይጠየቃል። ቁልፉ ኃላፊው መሳቢያ ውስጥ ነው።

በዚህ ሳጥን ቅሬታ ማቅረብ የሚችለው ማን እንደሆነ እስቲ እንቁጠር። የሚያይ፣ ደረጃ የሚወጣ፣ አማርኛ የሚጽፍ፣ ወረቀቷን ሲከት ጸሐፊዋ ብታየው ግድ የማይሰጠው ሰው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጅ አይችልም። ትምህርት ቤት ያልገባች መስማት የተሳናት ሴት አትችልም። አከርካሪው ተጎድቶ አልጋ ላይ የዋለ ሰው አይችልም። አፋን ኦሮሞ ብቻ የምታነብ እናትም አትችልም፤ ጅማ ውስጥ ደግሞ እንደ እሷ ያለው ብዙ ነው። ከዚያ ዓመቱ ሲያልቅ «የቀረበ ቅሬታ የለም» ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል።

ሳጥኑን ዝቅ ማድረግ ቀላል ነው። ከወለል ከ90 እስከ 110 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ዊልቸር ላይ የተቀመጠ ሰው እጁ ይደርሳል። ለሦስቱ ደረጃም መፍትሔ አለው። እያንዳንዱ ደረጃ 15 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ከፍታው 45 ነው፤ በ1 ለ12 ተዳፋት (ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት) ሲሰላ 5 ሜትር ከ40 ርዝመት ያለው ራምፕ ይጠይቃል። ቦታ አጥቶ በ2 ሜትር ርዝመት ብቻ የተሠራ ራምፕ ሰው ወደ ኋላ ይጥላል እንጂ አያወጣም። ቦታ ከሌለ ሳጥኑን ምድር ማውረድ ይሻላል። ከባዱ ነገር ሌላ ነው፤ ፍርሃቱ።

ቅሬታ የሚያቀርበው ሰው የሚከስሰው የሚያጥበውን፣ የሚያጎርሰውን፣ የዊልቸር ተራ የሚይዝለትን ሰው ነው። ዛሬ ቢናገር ነገ ማን ያነሳዋል? በዚያ ላይ ድጋፉ እንደ ምጽዋት ስለሚታይ፣ የተናገረ ሁሉ «የበላበትን ወጭት ሰባሪ» ይባላል። ይህ አስተሳሰብ ከሕጉም ጋር አይሄድም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች የማቋቋሚያና የእርዳታ ሀብት እንዲመድብ ያዝዛል። ኢትዮጵያ በ2002 በአዋጅ ቁጥር 676 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ አንቀጽ 16 ላይ ከብዝበዛ፣ ከጥቃትና ከበደል ስለመጠበቅ ይናገራል፤ ለአካል ጉዳተኞች የሚሰጡ አገልግሎቶችም ገለልተኛ በሆነ አካል መከታተል እንዳለባቸው ያስቀምጣል። ገለልተኛ የሚለው ቃል ይሰመርበት። አገልግሎቱን የሚሰጠው ድርጅት ራሱን በራሱ ቢፈትሽ ገለልተኛ አይባልም።

ስለዚህ ሳጥኑ ሁለት ጓጉንቸር ይኑረው። አንዱ ቁልፍ ተጠቃሚዎችና ቤተሰቦች በመረጡት ሰው እጅ ይሁን። ሌላው ከድርጅቱ ደመወዝ የማይቀበል ሰው ይያዘው፤ የአካል ጉዳተኞች ማኅበር አባል ወይም የአካባቢው የዕድር ዳኛ ሊሆን ይችላል። በየ15 ቀኑ፣ ቀኑ ተለጥፎ፣ ሁለቱ ባሉበት ይከፈታል። ባዶ ቢሆንም መዝገብ ላይ «ባዶ» ተብሎ ይፈረማል። ወረቀት ከተገኘ ቁጥር ይሰጠዋል፤ የደህንነት ጉዳይ ከሆነ በዚያው ቀን፣ ሌላው በ3 ቀን ውስጥ መድረሱ ይነገራል፣ በ15 ቀን ውስጥ መልስ ያገኛል። ወረቀቱ ስብሰባ ላይ አይነበብም፤ የእጅ ጽሑፉ ይታወቃልና። «ይሄን የጻፈው ማነው?» ብሎ መጠየቅ ራሱ በሥነ ምግባር ደንቡ ላይ እንደ ጥፋት ይመዝገብ።

ከዚያም ማንም የማይሠራው ክፍል ይመጣል። ቅሬታ ያቀረበው ሰው በ1ኛው ወርና በ3ኛው ወር ተመልሶ ይታያል። ስሙ ከዱቄትና ዘይት ዝርዝር ወጥቷል? የዊልቸሩ ጥገና ወረፋ ወደ ኋላ ተገፍቷል? ልጁ ከመኪናው መስኮት አጠገብ ከሚቀመጥበት ቦታ ተነስቷል? ይህን የማይከታተል የቅሬታ ሥርዓት ሰው ወጥመድ ውስጥ ይከትታል። አንድ ሰው ተናግሮ ሲጎዳ የሚያዩት ሌሎቹ ዳግም አፋቸውን አይከፍቱም።

ሳጥን መጠበቅ ግን አይበቃም፤ ሄዶ መጠየቅ ያስፈልጋል። በወር አንድ ጊዜ፣ 10 ደቂቃ፣ ተንከባካቢው በሌለበት። እዚህ ላይ የሚበላሸው ጥያቄው ነው። «ደህና ነህ? አገልግሎቱ እንዴት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው «ተመስገን» ይባላል፣ ጉዳዩም እዚያ ላይ ያልቃል። ተመስገን የተራበም፣ የተመታም፣ የጠገበም መልስ ነው። ይልቅ እንዲህ ይጠየቅ፦ ትናንት ማን አጠበሽ? ስትታጠቢ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ማን ነበር? ምሳ ስንት ሰዓት በላህ? ሽንትህ ሲመጣ ማንን ትጠራለህ፣ እስኪመጣስ ምን ታደርጋለህ? ማን ተረኛ ሲሆን ደስ ይልሃል? ማን ሲመጣ ደስ አይልህም? የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ጥያቄዎች ከሁሉ በላይ ያወጣሉ፤ መልሱ ስም ነውና።

በቃል መናገር ለማይችል ሰው የሠራተኞቹ ፎቶ ይዘርጋለትና ፊቱ ይታይ፤ በጣቱም ይጠቁም። አንዱን ሲያይ የሚኮማተር፣ መብላት ያቆመ፣ ሽንቱን መቆጣጠር ጀምሮ እንደገና ያመለጠው ልጅ እየተናገረ ነው። አንድ ምልክት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ሕመምም ሊሆን ይችላል። ግን ይጻፋል፣ ቀኑ ይያዛል፣ ማን ተረኛ እንደነበር አብሮ ይሰፍራል።

አስተርጓሚው ማን እንደሆነም ይታሰብበት። ጅማ አፋን ኦሮሞና አማርኛ ብቻ አይደለም የሚነገርባት፤ ከከፋም፣ ከዳውሮም፣ ከየምም ለሕክምና የሚመጣ ሰው አለ። ተንከባካቢዋ ራሷ ካስተረጎመች ቅሬታው መንገድ ላይ ይቀራል። መስማት ለተሳናቸው ደግሞ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ማምጣት ብቻ የማይበቃበት ጊዜ አለ፤ ትምህርት ቤት ያልገባ ሰው የሚያውቀው ቤቱ ውስጥ የተፈጠረውን ምልክት ብቻ ነው። ያኔ መስማት የተሳነው ሁለተኛ ሰው አስተርጓሚውና ባለጉዳዩ መካከል ሆኖ በምልክት፣ በሥዕልና በድርጊት ቢያግዝ ብዙ ይወጣል። ጊዜ ይፈጃል። 10 ደቂቃው አንድ ሰዓት ቢሆን ሊያስከፋ አይገባም።

አሁን ወደ ሰውነት እንምጣ። ጥራት የሚታየው ቆዳ ላይ ነው። አልጋ ወይም ዊልቸር ላይ የሚውል ሰው በየቀኑ ጭራ አጥንቱ፣ የመቀመጫ አጥንቶቹ፣ የዳሌው ጎንና ተረከዙ ይታያል። መጽሐፍ ላይ «መቅላት» ይላል፤ ጥቁር ቆዳ ላይ ግን መቅላት ሁልጊዜ አይታይም። የሚታየው ከጎኑ ካለው ቆዳ የጠቆረ ወይም ወይን ጠጅ የመሰለ ቦታ ነው፤ በእጅ ጀርባ ሲዳሰስ የሚሞቅ ወይም የሚቀዘቅዝ፣ ሲነካ የጠነከረ ወይም የላመ። ይህ ከተገኘ ያ ቦታ እስኪመለስ ድረስ ክብደት አያርፍበትም። መታሸትም የለበትም፤ ከሥር የተጎዳውን ሥጋ ያባብሰዋል። አልጋ ላይ ያለ ሰው ቢያንስ በየ2 ሰዓቱ ይገላበጣል፤ የተቀመጠ ሰው በየ15 እስከ 30 ደቂቃ ወደ ፊት ወይም ወደ ጎን አዘንብሎ ክብደቱን ያነሳል፣ ካልቻለ ሰው ያዘነብለዋል። በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ሰው ላይ የአልጋ ቁስል ከወጣ፣ የሌሊት ተረኛው ብቻውን ስንት ሰው እንደሚያገላብጥ ይቆጠር። አንድ ሰው 14 ሰው በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ አይችልም። ሠራተኛውን ከመገሠጽ በፊት የተራ ሰሌዳው ይስተካከል።

ሌላም የቆዳ ምልክት አለ። የሰው ሥዕል፣ ፊትና ጀርባ የተሳለበት አንድ ገጽ ወረቀት ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ይኑር። አዲስ ጠባሳ ወይም ሰንበር ሲታይ ቦታው ሥዕሉ ላይ ይከበባል፤ ስፋቱ በሳንቲ ሜትር፣ ቀለሙ፣ ሰዓቱ ይጻፋል፤ ያየው ሰው ተራው ሳያልቅ ይፈርማል። የሚሄድ ልጅ ቅልጥም ላይ ብልዝ ቢገኝ አብዛኛውን ጊዜ መውደቅ ነው። ጆሮ ላይ፣ አንገት ላይ፣ ጡንቻ ላይ የጣት ቅርጽ ይዞ፣ ወይም ጭን ውስጥ ሲገኝ ግን «ወድቆ ነው» የሚለው መልስ አይበቃም።

በማጠብና ዳይፐር በመቀየር ላይ ሁለት ነገር ይጋጫል፤ የሰውየው ክብር መጋረጃ ይፈልጋል፣ ደህንነቱ ደግሞ ዓይን ይፈልጋል። መጋረጃ ይጋረድ፣ በር አይቆለፍ። ተመሳሳይ ጾታ ያለው ሠራተኛ ይሁን። ከመንካት በፊት ምን እንደሚደረግ ይነገር፣ መልስ ይጠበቅ፤ አንገቱን ብቻ የሚነቀንቅ ሰውም መልስ ሰጥቷል። ከአልጋ ወደ ዊልቸር ማዛወር በሁለት ሰው ቢሆን የሠራተኛውም ወገብ ይተርፋል፣ ክፍሉም ውስጥ ሁለት ሰው ይኖራል።

አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር የድጋፍ ደብዳቤ ብዙ አይናገርም። ስልክ ተደውሎ «መልሰህ ትቀጥረዋለህ?» ይባል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ በእነዚያ ቀናት አዲሱ ሰው ከተጠቃሚ ጋር ብቻውን አይሁን። ለበጎ ፈቃደኛ፣ ለተማሪና ለጎብኚም ደንቡ አንድ ነው። ፎቶ አንሺዎችንም ይጨምራል። ምራቁ የሚወርድ ልጅ ፎቶ ለእርዳታ ማሰባሰቢያ ፌስቡክ ላይ ሲለጠፍ ማየት ያመኛል፤ ልጁ አድጎ ያን ፎቶ የሚያይበት ቀን ይመጣል።

መድኃኒት ላይ የሚፈጠረው ስሕተት የእኛ አገር ልዩ መልክ አለው። የሚጥል በሽታ ላለበት ልጅ ፌኖባርቢታል ታዝዞ ካርዱ ላይ «8፡00» ተብሎ ይጻፋል። ጻፊው በፈረንጅ ሰዓት ጠዋት ማለቱ ነው፤ አንባቢዋ ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ትሰጠዋለች። «ጠዋት 2 ሰዓት» ተብሎ በፊደል ይጻፍ። ክኒኑ በየሳምንቱ ይቆጠር፣ የሚቆጥረው የሚሰጠው ሰው አይሁን። ሳምንቱን ሙሉ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ዓይነት ፊርማ የተሞላ መዝገብ ዓርብ ከሰዓት የተሞላ መዝገብ ነው፤ የቀረው ክኒን ሲቆጠር ይታወቃል። ይህ መድኃኒት በድንገት ከተቋረጠ መጣሉ ብሶ ሊመለስና ሳያቋርጥ ሊቀጥል ስለሚችል፣ ክምችቱ ለ10 ቀን ሲቀረው አዲስ ማዘዣ ይጀመር። መጣሉ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሕክምና ይወሰድ፤ አፍ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ጣት አይገባም፣ ክብሪትም አይሸተትም። ያልታዘዘ ክኒን «እንዲረጋጋ» ብሎ መስጠትም፣ ከአልጋ ጋር ማሰርም፣ ስሙ ድጋፍ አይደለም፤ በደል ነው።

ዊልቸርን በተመለከተ ብዙ የምለው አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የዊልቸር አገልግሎት 8 ደረጃ አለው፤ ሰውየውን ወደ አገልግሎቱ ከመላክና ሰውነቱን ከመለካት ይጀምርና በሥልጠናና በጥገና ክትትል ያበቃል። በሥነ ሥርዓት፣ በባነርና በጭብጨባ የሚታደለው ዊልቸር አብዛኛውን ጊዜ መካከለኛውን ደረጃ፣ ማለትም ዊልቸሩን ማቅረብን ብቻ ይዞ ይመጣል፤ አልተለካም፣ ክትትልም የለውም። የመቀመጫው ስፋት ከዳሌው ስፋት ጋር እኩል ይሁን፤ ጥልቀቱ ከጭኑ ርዝመት ከ3 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ይነስ፣ አለዚያ ጨርቁ ጉልበቱን ከኋላ ይቆርጠዋል። የእግር ማሳረፊያው ከመሬት ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ሰውየው ከተቀመጠ በኋላ፣ አስፈቅዶ፣ የጣት ጫፍ ከመቀመጫ አጥንቱ ሥር ይገባል። ጣቱ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይና ወደ ታች ከተንቀሳቀሰ ትራሱ ደህና ነው። ባይንቀሳቀስም በቀላሉ ተስቦ ከወጣ ያሰጋል። ከተያዘና ካልወጣ ያ ትራስ ቁስል ያመጣል።

ጅማ ላይ ዝናቡ ከመጋቢት ገደማ እስከ መስከረምና ጥቅምት ይዘልቃል፤ ዊልቸሩን የሚገድለው ይኸው ነው። ጭቃው የፊት ትንንሽ ጎማዎች ኩሽኔታ ውስጥ ይገባል፣ ይደርቃል፣ ኩሽኔታውን ይበላዋል። ማታ ማታ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ይድረቅ፣ በወር አንዴ ግራሶ ይቀባ። ኮብልስቶኑ ደግሞ ብሎን ያላላል፤ በ15 ቀን አንዴ በኪያቬ ይጠበቅ። ራጂ (የጎማው ሽቦ) ከተሰበረ ሌላው ሳይከተል ይቀየር። ከሁሉም የሚናቀው ንፋስ ነው። የዊልቸር ፍሬን የሚሠራው ጎማውን በመጫን ስለሆነ፣ ጎማው ሲላላ ፍሬኑ አይዝም። ከጅማ በላይ ባለው የጅሬን ኮረብታ ቁልቁለት ላይ ይህ ሞት ነው። በአውራ ጣት ሲጫኑት ከግማሽ ሳንቲ ሜትር በታች ቢገባ በቂ ንፋስ አለው። የመቀመጫው ስፖንጅ ከረጠበ የሚያደርቀው ፀሐይ በክረምት የለም፤ ስለዚህ ሁለት ልባስ ይኑረው፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላው ይቀየር። እርጥብ ስፖንጅ ላይ የዋለ ቆዳ ቶሎ ይላጣል። ይህን ሁሉ የሚሠራ ባለሙያ ከአዲስ አበባ አይመጣም፤ የሰፈር ጎሚስታ ወይም የብስክሌት ጠጋኝ ይችለዋል። ድርጅቱ ከአንዱ ጋር በወር ክፍያ ይስማማና ሁለት ከመነዳሪ (የጎማ የውስጥ ላስቲክ)፣ ጥቂት ራጂ፣ ኩሽኔታና ብሎን ያስቀምጥ።

ከባዱ ቀን ደግሞ አለ፤ አንዲት ሴት ወይም አንድ ልጅ ተደፈርኩ ያለ ቀን። ሰሚው አያፋጥጥ፣ «ለማንም አልናገርም» ብሎም ቃል አይግባ። የተባለው በተባለበት ቃል ይጻፍ። የተጠረጠረው ሰው በዚያው ሰዓት ከሥራ ይነሳ፤ የተጎዳችውን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር እሷን መቅጣት ነው። ሰውነቷ አይታጠብ፣ ልብሷ ከተቀየረ በወረቀት ይጠቅለል እንጂ ፌስታል ውስጥ አይግባ፤ ፌስታል እርጥበት ይዞ ማስረጃውን ያበላሻል። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ ቢቻል በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 5 ቀን ይሠራል፤ በዘገየ ቁጥር ኃይሉ ይቀንሳል። ከዚያ ፖሊስ፣ አስተርጓሚ ይዞ።

ሽምግልና እዚህ አይገባም። ሽማግሌ የመሬት ወሰን ይዳኝ፣ ባልና ሚስት ያስታርቅ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ መከላከል በማይችል ሰው ላይ፣ እንዲሁም በተቋም ውስጥ ባለ ሰው ላይ የሚፈጸም የወሲብ ጥቃት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ በካሳና በይቅርታ አይዘጋም። ድርጅቱ ጉዳዩን ለመሸፈን ካመነታ ጅማ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ጽሕፈት ቤት አለባት፤ አቤቱታ በቃልም ይቀርባል።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ለተቋም ነው፤ አብዛኛው እንክብካቤ ግን ቤት ውስጥ፣ በእናት እጅ ነው። እናት ለቀን ሥራ ወይም ለገበያ ስትወጣ በሩን ከውጭ ቆልፋ ወይም ልጁን ከአልጋው እግር ጋር አስራ ትሄዳለች። ይህን ያየ ሰው መገሠጽ ይቀናዋል። ተገሥጻ የምትቀይረው ነገር የላትም፤ ልጁን የሚይዝላት ሰው ነው ያጣችው። እሳት ቢነሳ ወይም ልጁ ቢጥለው ማንም አይደርስም፤ ማታ ስትመለስ ደግሞ ማን ገብቶ እንደወጣ አታውቅም። የሚሠራው መፍትሔ ተራ ነው፦ ተመሳሳይ ልጅ ያላቸው ሦስት ወይም አራት እናቶች በሰፈር ተቧድነው በሳምንት አንድ አንድ ቀን ሁሉንም ልጆች ይይዛሉ። ቤቱ ምድር ላይ ያለ፣ እሳቱ የተከለለ ይሁን። ልጁ ሲበላ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ አገጩ ትንሽ ወደ ታች ብሎ፣ በትንሹ እየጎረሰ ነው፤ ከበላም በኋላ 30 ደቂቃ አይተኛም፣ ምግቡ ወደ ሳንባ ይሄዳልና። ይህን ሁሉም እናቶች አብረው ይለማመዱት። አንድ ቀን የያዘች እናት ልጁ የበላውን፣ ጥሎት እንደነበርና ሰውነቱ ላይ ያየችውን ለእናቱ ትናገር።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስትዞር ደግሞ ሳሎን ቡና ጠጥታ አትመለስ። ልጁ የሚተኛበትን ክፍል ገብታ ትይ፤ መስኮት እንዳለው፣ መቆለፊያው ከውስጥ ይሁን ከውጭ፣ ፍራሹ እርጥብ መሆኑን። ልጁንም በስሙ ትጥራው።